ንግሥተ ራያን ያሰጠማት ክብደት

ጋሽ አያሌው «ሐይቅ» ይበለው እንጂ ሰንጋ ማጠጫ ሐይቅ ሆኖ አያውቅም። ከዋጃ ወጣ ብሎ ለመስኖ ተብሎ የተገደበ፣ ክረምት ሲመጣ የሚሞላ፣ በጋ ሲገባ ዳር ዳሩ ጭቃ ሆኖ ከብት የሚይዝ ውኃ ነው። ሰውዬው ግን ከዳሩ ጥቂት የሣር ጎጆዎች ቀለሰና በሩ ላይ «ሪዞርት» ብሎ አስጻፈ። ከሐዋሳ አንዲት አሮጌ ሞተር ጀልባ በአይሱዙ አስጭኖ አመጣ፤ ቀይ ቀለም አስቀብቶም «ንግሥተ ራያ» አላት። የዞን እንግዶች መጥተው ሪባን ሊቆርጡላት በነበረበት እሑድ ጧት ንግሥቲቱ ከግድቡ ሩቅ ጥግ፣ ከጉብታው ጀርባ፣ ኋላዋ ውኃ ውስጥ ተቀብሮ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ሰቅላ ተገኘች። ነጂዋ ሰናይ ደግሞ እዚያው አጠገቧ፣ ቄጠማ ይዞት በደረቱ ተደፍቶ ነበር።

ኢንስፔክተር የሻረግ ከቆቦ ስትደርስ መጀመሪያ ያነጋገራት የሪዞርቱ ሥራ አስኪያጅ ጌዲዮን ነው። ክራቫት አስሯል፤ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው በድንጋይ ላይ እየዘለለ ነው የመጣው።

«ኢንስፔክተር፣ ሪባኑን እናንሳው ወይስ እንግዶቹ እስኪመጡ ይቆይ?» አላት።

«አስከሬን የሚሸፍን ነገር ካላችሁ አምጣ» አለችው። «ሪባንህ አይበቃውም።»

ቆቦ ውስጥ የሻረግ ሰው ትንቃለች እያሉ ያሟታል። አልተሳሳቱም። በሥራ ዘመኗ ካየቻቸው ሟቾች አብዛኞቹን የገደላቸው ክፋት ሳይሆን ጅልነት ነው ብላ ታምናለች። ክፉውን ትጠላዋለች፤ ጅሉን ትንቀዋለች፤ ጅል ሆኖ ሳለ ደረቱን የሚነፋውን ግን ምን እንደምታደርገው እስከ ዛሬ አላወቀችም። የዚያን ጧት ደግሞ ከግድቡ ዳር እንዲህ ዓይነቱ ሰው ሞልቶ ነበር።

ሳጅን ታረቀኝ ሱሪውን ጠቅልሎ ከገበሬዎቹ ጋር አስከሬኑን አወጣ። የሻረግ ተቀምጣ የልጁን እጆች አገላብጣ አየች። ጥፍሮቹ ተሰባብረዋል፤ ሥር ሥራቸው ቀይ ቀለም ገብቷል። ቀና ብላ የጀልባዋን አፍንጫ አየች። አዲሱ ቀለም ከላይ ወደ ታች ተቧጭሯል፤ ጭረቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ነው።

«ሲሰጥም ያዝ አድርጓት ይሆናላ» አለ ታረቀኝ።

«ይሆናላ» አለች የሻረግ። ታረቀኝ ነገር ሲገባው ዝም የሚል፣ ሳይገባው የሚናገር ሰው መሆኑን ስለምታውቅ ክርክር አልገጠመችም።

በትራክተር ጎትተው ጀልባዋን ደረቅ መሬት ላይ አወጧት። ሞተሯ እንደ ማንኛውም ሞተር ጀልባ ከኋላ ተሰቅሏል። የቤንዚን ታንከሩም ከኋላ ነው፤ ከሞተሩና ከኋላው ወንበር መካከል ተሰንቅሮ፣ ከመኪና ውስጥ ጎማ በተቀደደ ካላማዳሪ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። መሃል ላይ ትራሶቹ የሌሉበት የሳሎን ሶፋ ተቀምጧል። የሻረግ ሶፋውን አስነሥታ ወለሉን ስታይ አራት ባዶ የቡሎን ቀዳዳዎች አገኘች።

«ላይፍ ጃኬት የላችሁም?» ብላ ጠየቀች።

«ኧረ አለን!» አለ ጌዲዮን ኮራ ብሎ። «ቢሮ ነው፣ ከነፕላስቲኩ። ለእንግዶች ስለሆነ እንዳይቆሽሽ ብለን ነው።»

የሻረግ ዞራ አስከሬኑን አየች።

ይኼኔ ጋሽ አያሌው ፒክአፑን አቁሞ እየጮኸ መጣ። ሰፊ ሰው ነው፤ ሲራመድ ሆዱ ቀድሞት ይደርሳል። «ልጄን! ልጄን በሉት!» እያለ ለቀጠረው ልጅ ደረቱን ደቃ። ከዚያ ዓይኑን ጠረገና ታንከሩን በጣቱ አመለከተ። «ያ በያጅ ነው የገደለው! ታንከሩን የሠራው ሐድጉ ነው። እዩት፣ ከኋላ ሰክቶታል! በእምነት ነበር የሰጠሁት!»

ሕዝቡ አጉረመረመ። የሻረግ ጀልባዋ ወደተገዛችበት ሐዋሳ ደውላ አንድ ጀልባ ሠሪ አነጋገረች። ሰውዬው ነገሩን በአጭሩ ነው ያስረዳት፤ ሞተሯን ከኋላ የተሸከመች ጀልባ ነዳጇን መሃል ላይ ነው የምትሸከመው፤ ያኔ ታንከሩ ቢሞላም ቢጎድልም ሚዛኗ አይናጋም። ሁለቱን ከኋላ ከቆለልክባት ግን ኋላዋ ይዘቅጣል፤ ፍጥነት ስትቀንስ ከኋላዋ የሚመጣው ውኃ ዘሎ ይገባባታል። ጋሽ አያሌው ልክ ሳይሆን አልቀረም፤ ይህ ደግሞ የሻረግን አስከፋት። ከሰዓት በኋላ ሐድጉን ከቆቦ ጋራዡ አስመጥታ አሰረችው።

ጣጣው ግን እዚያ ላይ አላበቃም። ሟቹ ሰናይ የሐድጉ ሚስት የትርሓስ ታናሽ ወንድም ነው። ትርሓስ በአንድ ቀን ወንድሟን ቀብራ ባሏን ለፖሊስ አስረከበች።

በማግስቱ ጧት ጣቢያው በር ላይ ጥቁር ለብሳ ጠበቀቻት። ልጇን አዝላለች።

«ኢንስፔክተር፣ እናቴ ቤቷ እንዳልገባ ከልክላኛለች» አለች። «የልጄ ገዳይ ሚስት ነው የምትለኝ። እኔም የባሌን ዓይን ማየት አቃተኝ። ሓወይን፣ ወንድሜን፣ የገደለው እሱ ከሆነ ይንገሩኝና ልጄን ይዤ ልሂድ። ካልሆነም ይንገሩኝ። አለማወቁ ነው የገደለኝ።»

«አጣራለሁ» አለቻት የሻረግ። ለሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ «ቤትሽ ግቢና ጠብቂ» ብላ ባለፈች ነበር።

«ሌላም አለ። የሰናይን ዕቃ ከሪዞርቱ አመጡልን፤ ጋቢው ግን የለም። ለብሶት ነበር የሚያድረው። ጥለቱ ተቀዶ በሰማያዊ ክር የጠቀምኩለት እኔ ነኝ። ለማስታወሻ እንኳ...» አልጨረሰችውም።

ሐድጉ ከማረፊያ ክፍል ሲወጣ ሱሪውን በእጁ ይዞ ነበር፤ ቀበቶውን ወስደውበታል። የተጠየቀውን ሁሉ ቀና ሳይል መለሰ።

«አሮጌው ታንከር ዝጎ ያፈስ ነበር። በላሜራ አዲስ ሠራሁ። አሮጌው መሃል ላይ ነበር የታሰረው፣ እኔም በነዚያው ቀዳዳዎች በቡሎን አሰርኩት። ስለ ጀልባ ምን አውቃለሁ? ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ከነበረበት መለስኩት፣ አበቃ።»

«በካላማዳሪ አላሰርክም?»

«ቡሎን እያለኝ? ካላማዳሪ የጭነት መኪና ሰው ነው የሚጠቀመው።»

«አንተስ የጭነት መኪና በያጅ አይደለህ?»

ሐድጉ ሱሪውን ከፍ አድርጎ ያዘ። የሻረግም የተናገረው እውነት ይሁን አይሁን ልታውቅ አልቻለችም። ቀዳዳዎቹ ግን መሃል ላይ ነበሩ፤ እነሱ አይዋሹም።

ቀጥሎ ጌዲዮንን አስጠራችው። በቱሪዝም ዲፕሎማ አለው፤ ገና ሳይቀመጥ ነገራት። ስለ ራዕያቸው፣ ስለ ደንበኛ አያያዝ፣ ስለ ጀልባዋ «ስታይል» ሲደሰኩር ቆየ። የሻረግ ግን አፍንጫዋ ሌላ ነገር ላይ ነበር። ክራቫቱ ሽቶ ይሸታል፤ ሱሪው ቤንዚን ይሸታል።

«ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ቢሮ። ዝግጅት ላይ።»

«ጋሽ አያሌው ሠራተኛውን ሁሉ ለግብዣው ዕቃ እንዲገዛ ቆቦ ገበያ ልኮት ነበር። አንተን ቢሮ ያየህ ሰው የለም። ዓርብ ዕለት ደግሞ ከሰናይ ጋር አንገት ለአንገት ተያይዛችሁ ነበር አሉ።»

ጌዲዮን አላበው። ታረቀኝ ከጥግ ሆኖ «ተገኘ!» በሚል ዓይን አያት። እውነትም ጥሩ ተጠርጣሪ ነበር፤ ጠብ አለው፣ ውሸት አለው፣ የቤንዚን ሽታ አለው። ግን ትንሽ ጫን ስትለው የወጣው ነገር ከተራ ሌብነት የሚያልፍ አልሆነም። ከጀልባዋ ታንከር በጎማ እየመጠጠ ለዋጃ ባጃጆች ይቸረችር ነበር። ዓርብ ዕለት ሰናይ እጅ ከፍንጅ ይዞት ተጣሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ዋጃ ላይ ጄሪካን ይዞ መቆሙን የባጃጅ ነጂዎቹ ሁሉ አፋቸውን ሞልተው መሰከሩ፤ ነዳጅ በጠፋበት ሰሞን ቤንዚን ያመጣላቸውን ሰው ማን ይረሳል?

«ዓርብ ስትመጥጥ ታንከሩ የት ነበር?» አለችው።

«ከኋላ ነዋ። በካላማዳሪ ታስሮ።»

«ማን አዛወረው?»

«እኔ የማኔጅመንት ሰው ነኝ፤ የቴክኒክ ነገር አልከታተልም» አለ።

ውጣ አለችው። ገዳይ ለመሆን እንኳ ሥራ ይፈልጋል፤ ይኼ ሥራ የሚወድ ሰው አይደለም።

ጋሽ አያሌው የተቀበላት ቆቦ፣ ሳሎኑ ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ከአሮጌ አይሱዙ ጋር የተነሣው ፎቶ ተሰቅሏል።

«ቅዳሜ? ከቤቴ ጧት ወጥቼ ጎብዬ ለቅሶ ነበርኩ» አላት። «አልማዝ ባሏ ሞቶባት። ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው የዋልኩት፤ ሲመሽ ተመለስኩ። ሰናይን አላየሁትም፤ አላማጣ ልኬው ነበር፣ አልሄደ እንዴ?»

«ጀልባ ነድተው ያውቃሉ?»

ሳቀ። «ኢንስፔክተርዬ፣ እኔ የማልነዳው ምን አለ? ከዞብል ወደ ቆላ ወርዶ የአሸዋውን ወንዝ በአይሱዙ ማን ነበር የሚሻገረው? መኪናው ሲያዝ ሌላው ወርዶ ያለቅሳል። እኔ ረዳቱንም ተሳፋሪውንም ከኋላ አሰቅላለሁ፣ ጭነቱን ከኋላ አደርጋለሁ፣ የኋላው ጎማ ይነክሳል፣ ወጣሁ! ክብደት ያለው ሰው ከኋላ ነው የሚቀመጠው፤ ባለሥልጣንስ የት ነው የሚቀመጠው?» ብሎ ሆዱን መታ አደረገ።

የሻረግ ምርቃት የምትቀበል መስላ ራሷን ነቀነቀች። ሰውዬውን ከልቧ ናቀችው። ግን መናቅ ማስረጃ አይሆንም።

ወደ ግድቡ ተመለሰች። ታረቀኝን ይዛ ጀልባዋ ከተገኘችበት ጥግ ጀምራ ዳር ዳሩን በእግሯ ሄደች። ከጉብታው ማዶ፣ ከውኃው ራቅ ብሎ፣ አንድ የግራር ቁጥቋጦ ላይ የሶፋ ትራስ ተሰቅሎ አገኙ። ስፖንጁ ጭቃ ጠጥቶ ደርቋል።

«ነፋስ አምጥቶት ይሆናል» አለ ታረቀኝ።

«ነፋሱ ከውኃ አውጥቶ፣ ዳገት አስወጥቶ፣ ቁጥቋጦ ላይ አሰጣው?»

ታረቀኝ ቁጥቋጦውን ዞሮ አየው፤ ከዚያ ዝም አለ። ስለዚህ ነገሩ ገብቶታል ማለት ነው። ጀልባዋ ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ትራሱን አቅፎ ተንሳፍፎ ወጥቷል፤ ልማድ ሆኖበትም እንዲደርቅ አስጥቶት ሄዷል።

ጎብዬ የአልማዝ ድንኳን ገና አልፈረሰም ነበር። የሻረግ ገብታ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችና ተቀመጠች። ስለ ጋሽ አያሌው ስትጠይቃት ሴትየዋ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እንደሱ ያዘነልኝ ሰው የለም እህቴ! ሌላው በሸሚዝ ነው የመጣ። እሱ በዚያ ሐሩር ጋቢ እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ጫማ እንኳ ሳያደርግ፣ በባዶ እግሩ ገባ። ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰው ሁሉ አየና አለቀሰ።»

«መቼ ነው የገባው? ጧት?»

«ኧረ ከምሳ በኋላ ነው። ንፍሮው ሲዞር።»

«ጋቢው ምን ዓይነት ነበር?»

«አሮጌ። እንዲያውም እንዲህ ያለ ሀብታም ለሐዘን ብሎ ተቀዶ የተሰፋ ጋቢ መልበሱ ገርሞኛል፤ ጥለቱ ላይ ሰማያዊ ክር ነበረው።»

የሻረግ አመስግና ተነሣች። ከድንኳኑ ወጥታ መኪናው ውስጥ ገብታ ጥቂት ተቀመጠች። ያን ጋቢ የጠቀመችውን ሴት አሰበች፤ ከዚያ ደግሞ ሬሳው ገና ውኃ ውስጥ እያለ ጋቢውን ለብሶ የሌላ ሰው ለቅሶ ላይ የሚያለቅሰውን አሰበች።

ጣቢያ ስትደርስ ሐድጉን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው። «ቅዳሜ ጋሽ አያሌውን አይተኸዋል?»

«አየሁት እንጂ። ከምሳ በኋላ በፒክአፑ በጋራዤ በር አለፈ። እጄን አነሣሁለት፣ መልስ አልሰጠኝም።»

«ከየት ነበር የሚመጣው?»

«ከዋጃ። ወደ ጎብዬ።»

ይህ ሁሉ ሰውዬው ጀልባዋ ላይ እንደነበረና የራሰ ልብሱን በጋቢው ሸፍኖ ለቅሶ እንደገባ ያሳያል። ታንከሩን ማን እንዳዛወረና ጀልባዋ እንዴት እንደሰጠመች ግን አያሳይም። ጋሽ አያሌው ነገ ጠበቃ ይዞ መጥቶ «በያጁ በሠራው ጥፋት እኔም ልሞት ነበር» ቢል ሐድጉ ከእስር አይወጣም። የሻረግ ስልኳን አነሣች።

«ጋሽ አያሌው፣ ምርመራው ላይ ባለሙያ ሰው ቸገረን። እርስዎ ነገ ጧት ግድቡ ጋ ቢመጡልን?»

«እንዴታ!» አለ። «ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ!»

በማግስቱ ሰንጋ ማጠጫ ዳር ከገበሬዎች የተዋሱት የማሽላ ከረጢት ተደርድሯል። ጀልባዋን ጭቃዋን ጠርገው በተገኘችበት ቦታ መልሰው አንሳፍፈዋት ነበር፤ ታንከሩም ከኋላ፣ በካላማዳሪው እንደታሰረ፣ ጌዲዮን ከመጠጠለት የተረፈውን ያህል ውኃ ተሞልቶለታል። አንድ ከረጢት ሰናይን እንዲያክል ተደርጎ መሪው ጋ ተቀመጠ። ኋላዋ ዝቅ አለ፤ ውኃ ግን አልገባባትም።

«በዚህ ብቻ አትሰጥምም» አለች የሻረግ። «ሌላውን ጫኑ።»

ከኩንታል የሚያልፍ ከረጢት የኋላው ወንበር ላይ ተጎለተ። ጋሽ አያሌው ከረጢቱን አየና ፊቱን አዞረ። ኋላዋ ከውኃው የእጅ መዳፍ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ቀረ። ታረቀኝ ፊቷ ላይ ያሰሩትን ገመድ ከዳር ሆኖ ሲስብ አፍንጫዋ ደለሉ ላይ ወጥቶ ተሰነቀረ። ሳበ፤ እምቢ አለች። ደግሞ ሳበ።

«ጭቃ ያዛት» አለ ታረቀኝ።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አለች የሻረግ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ።

«ብንገፋትስ?» አለ ጌዲዮን ከደረቅ መሬት ላይ ሆኖ።

ታረቀኝ እንደገና ሳበ። ገበሬዎቹ ተሰብስበው ከወዲህም ከወዲያም ምክር ይወረውራሉ። ጋሽ አያሌው ከአንዱ እግሩ ወደ ሌላው ሲቀያየር ቆየ። ጥርሱን ነከሰ፤ ፊቱ ቀላ። የማያውቅ ሰው መኪና ሲያወጣ ቆሞ ማየት ለዚህ ሰው ከበሽታ ይብሳል። በመጨረሻ አልቻለም።

«እናንተ ጅሎች!» ብሎ ጮኸ። «ነጂውን ወደ ኋላ! ሁለቱንም ከኋላ አድርጓቸው! አፍንጫው ሲቀል ይላቀቃል!»

የሻረግ ለታረቀኝ ራሷን ነቀነቀችለት። ታረቀኝ ገብቶ የሰናይን ከረጢት ጎትቶ ከትልቁ ከረጢት አጠገብ አስቀመጠና ዘሎ ወረደ። የጀልባዋ አፍንጫ ከደለሉ ተነሣ፤ ገመዱ ሲሳብ ተላቀቀች። ጋሽ አያሌው «አላልኳችሁም!» ሊል አፉን ከፈተ። ውኃው ግን በኋላዋ ከንፈር ላይ ተሻግሮ ይገባ ጀመር፤ ታንከሩን አለበሰ፣ ከረጢቶቹን ዋጠ፤ ንግሥተ ራያ ኋላዋን አስቀድማ ቁልቁል ወረደች። እሑድ እንደተገኘችው ቀይ አፍንጫዋ ብቻ ሰማይ ላይ ቀረ።

ገበሬዎቹ ወደ ጋሽ አያሌው ዞሩ።

«ሰናይንም እንዲህ ነው ያሉት?» አለች የሻረግ። «ወደ ኋላ ና?»

«እኔ... እኔ ልምዴን ነው የተናገርኩት። የአሸዋ ወንዝ...»

«ጋሽ አያሌው፣ የመኪናዎን ቁልፍ ይስጡኝ።»

ከፒክአፑ ወንበር ጀርባ የተጨማደደ ጋቢ አወጣች። ጥለቱ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። ሰውዬው ሲያየው እዚያው መሬት ላይ ቁጢጥ አለ። የሚገርመው ግን መጀመሪያ የተከራከረው ስለ ሰናይ አልነበረም።

«ታንከሩን ከኋላ ማድረጌ ልክ ነው» አለ። «የሚነዳው ሞተር ከኋላ ነው። ኃይሉ ካለበት ክብደቱ አብሮ መሆን አለበት! መሃል ላይ ደግሞ ለእንግዶች ሶፋ ያስፈልጋል። ቅዳሜም እንግዶቹ ሳይመጡ ልሞክራት ብዬ ነው የወጣሁት። እኔ ይህን ሥራ ስንት ዘመን...»

«ሰናይ ዋና ይችል ነበር?»

«አይችልም።»

«እርስዎ ትራሱን አቅፈው ወጡ።»

«ሁለቱን ትራስ ነው ያቀፍኩት፤ አንዱ አያነሣኝም።»

የሻረግ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የልጁ ጥፍር ተሰባብሯል። ዙሪያውን ቧጥጧል። በቅጽበት የሰጠመ ሰው አይደለም። እርስዎ ሲሄዱ በሕይወት ነበር።»

«ደህና ነበር እኮ!» አለ ጋሽ አያሌው ዓይኑን በጨው አጥቦ፤ እንዲያውም የተበደለ ሰው ይመስል ነበር። «አፍንጫዋን አቅፎ በደንብ ያወራኝ ነበር! ‹ጋሼ፣ ሐድጉን ይጥሩልኝ፤ ሐድጉ ያወጣኛል› ይለኝ ነበር። እንዲህ የሚያወራ ሰው ይሞታል ብዬ በምን ላውቅ? ያዝ፣ ጠብቅ አልኩት።»

«በሐድጉ በር ላይ አልፈው አይደለም ወይ ጎብዬ የሄዱት?»

ጭቃውን በጣቱ ጫረ።

«ለምን አልጠሩትም?»

«ሐድጉ ከመጣ መንደሩ ይከተለዋል። በማግስቱ እንግዶች ነበሩብኝ። ጀልባዋ ሰጠመች ተብሎ ስሜ ሊጠፋ? ለቅሶው ላይ ታይቼ ተመልሼ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ቀስ ብዬ በትራክተር ላወጣቸው ነበር። ለቅሶው ላይ ሰው ያዘኝ። ንፍሮ ቅመስ፣ ቁጭ በል... ትቶ መሄድ ነውር ነው።»

«ሲመለሱስ?»

«ጠራሁት። መልስ አልሰጠም። ያኔ ምን ላድርግ?»

«ሐድጉን ከሰሱት» አለች የሻረግና ተነሣች። ብዙ የምትለው ነበራት፤ ከእሱ ጋር ቃል ማባከን ግን አስጠላት። ታረቀኝን «ካቴና» አለችው። ታረቀኝ ጠበቅ አድርጎ አሰረው፣ ሰውዬው «አመመኝ» ሲልም አላላላለትም።

ትርሓስ ጣቢያው ግቢ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ነበረች። እናቷም አብራ መጥታለች፤ ከልጇ ራቅ ብላ፣ ጀርባዋን ሰጥታት ተቀምጣለች። የሻረግ በመንገድ ሁሉ ምን ያህሉን ልንገራት እያለች ስታሰላስል ነበር የመጣችው። ሙሉውን መንገር ጭካኔ መሰላት። ቆርጦ መንገር ደግሞ ያን ሰው መምሰል ሆነባት። ሁለቱንም ሴቶች ጠርታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው፤ ታንከሩን፣ ለቅሶውን፣ ጋቢውን፣ ሰናይ ለምን ያህል ጊዜ እንደተንጠለጠለ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩን።

እናትየዋ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ትርሓስ አላለቀሰችም።

«ማንን ነበር የሚጠራው?» አለች። «እናቴን?»

«ሐድጉን» አለች የሻረግ። «ሐድጉን ይጥሩልኝ ነበር የሚለው።»

ሐድጉን አወጡት። ደጁ ላይ ቆሞ አማቱን ሲያይ ወደ ኋላ አለ፤ የሚመቱት መስሎት ነበር። ማንም አልነገረውም ነበርና ለምን እንደተፈታ እንኳ አያውቅም። ቀብሩ አልፎታል፤ በአማቹ ሞት አንድ ጊዜ እንኳ ጮክ ብሎ አላለቀሰም፤ ገዳይ ሲያለቅስ ምን ይሉታል ብሎ።

ትርሓስ ልጇን ለእናቷ ሰጠችና ወደ እሱ ሄደች።

«ሐድጉ፣ ሰናይ ሲጠራህ ነበር» አለችው። «ሐድጉ ያወጣኛል እያለ።»

ሰውየው ደረጃው ላይ ተቀመጠና ግቢውን የሚያናጋ ጩኸት ጮኸ። ዘበኛው ሊያስቆመው ተነሣ። የሻረግ ክንዱን ያዘችው።

«ተወው» አለች። «ገና አሁን መርዶ መስማቱ ነው።»